ትምህርት ቤት ሲዘጋ፦ ከ«ወላጅ ይዘህ ና» ወደ ቴሌግራም ግሩፕ

አገራችን ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወላጅን የሚያገኘው በአብዛኛው ካርድ ሲሰጥ፣ ስብሰባ ሲጠራ ወይም ልጁ ሲያጠፋ ነው። የመጨረሻውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «ነገ ወላጅ ይዘህ ና!»። የግል ትምህርት ቤቶች ኮሙኒኬሽን ቡክ የሚሉት ደብተርም አላቸው። መምህሯ ትጽፋለች፣ ወላጅ ይፈርማል፣ ልጁ ያመላልሳል። (አንዳንዱ አመላላሽ ፊርማውንም ራሱ ይጨርሰዋል።) ወተመህ የሚባለው የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረትም አለ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ልጁ በትምህርት ቤቱ በር ሲገባና ሲወጣ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 በሩ ተዘጋ። በአገሪቱ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ ገና 3 ቀኑ ነበር። መጀመሪያ የተባለው ለ15 ቀን ነው። 15 ቀኑ ወራት ሆነ፤ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ዋሉ።

ከተማ ላይ ክፍተቱን ለመሙላት የተሞከረው በቴሌግራም ነው። ስም ጠሪዋ መምህርት ግሩፕ ትከፍታለች፣ ወርክሺት በፎቶ ወይም በፒዲኤፍ ትለቃለች። ወላጅ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ያሳትማል። ካልሆነም ልጁ ከስልኩ ላይ ወደ ደብተሩ ይገለብጣል። የተሠራው ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል።

ሲወራ ቀላል ነው። ስልኩ ግን የአባት ነው፤ አባት ደግሞ ሥራ ይውላል። ጠዋት የተለቀቀው ወርክሺት ልጁ እጅ የሚገባው ማታ ነው፣ ያውም መብራት ካለ። ሦስት ልጅ ያለው ቤት ሦስት ግሩፕ ይከታተላል። ወላጁ ሁሉ ተራ በተራ «እናመሰግናለን መምህር» ሲል ሒሳቡ ከላይ ተቀብሮ ይቀራል። እኔ ራሴ አንድ የአካባቢ ሳይንስ ጥያቄ ፍለጋ በምርቃትና በአበባ ሥዕል መሀል ስንቴ ወጥቼ ወርጃለሁ!

ገንዘብም መሀል ገባ። ትምህርት ሚኒስቴር የግል ትምህርት ቤቶች ከወርሃዊ ክፍያቸው ከ50 እስከ 75 በመቶ ብቻ እንዲያስከፍሉ ወሰነ። የግሩፑ ወሬም ተቀየረ። ወላጅ «ለፎቶ ነው የምንከፍለው?» ይላል፤ መምህሩ ደመወዙን ይጠብቃል። የክፍያ ማስታወሻና የቤት ሥራ በአንድ ግሩፕ መላክ ትልቅ ስህተት ይመስለኛል። መክፈል ያቃተው ወላጅ አፍሮ ዝም ብሎ ይወጣል፤ ልጁም አብሮት ይወጣል።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ጠፋ። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ነው የተቋረጠው፤ ለሳምንታት አልተመለሰም። ያኔ የመምህሯን ስልክ ቁጥር የያዘ ወላጅ ደውሎ ጠየቀ። ግሩፑን ብቻ ያመነ ባዶ እጁን ቀረ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ጉዳይ ሌላ ነው። ለእሱ የታሰበው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነበር። አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ስለሚሰጥ አንድ ፕሮግራም ለአገሩ ሁሉ አይበቃም። ሬዲዮ ደግሞ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ልጁ ይከታተል፣ ከብት ይጠብቅ፣ መምህሩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እዚያው ቀበሌ የሚኖር መምህር ግን ወላጁን ገበያ ላይ ወይም ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ደጅ ያገኘዋል። ማንበብ ለማትችል እናት ከወርክሺቱ ይልቅ «ማታ ማታ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ» የሚል አንድ የቃል መልእክት ይጠቅማታል።

ስልክም መንገድም ሲቋረጥ ይህም አይኖርም። ትግራይ ውስጥ በኮቪድ የተጀመረው መዘጋት ከጦርነቱ ጋር ተያይዞ ብዙ ልጆችን ለሦስት ዓመት ገደማ ከክፍል አራቀ።

በሌላው አካባቢ ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በየተራ ተከፈቱ። ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ተማሪው ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወር፣ ላመለጠውም የ45 ቀን ማካካሻ እንዲሰጠው ተወስኖ ነበር። በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ልጅ ብቻ ይቀመጥ ስለተባለ ፈረቃ መጣ። «የኔ ልጅ ተራው ነገ ነው ከነገ ወዲያ?» የሚለው ጥያቄ የተኛውን ግሩፕ ሁሉ ቀሰቀሰው።

ግሩፖቹ ዛሬም አሉ። «ወላጅ ይምጣ» እንኳ አሁን አሁን በቀጥታ እናት ስልክ ላይ ይገባል፤ ልጁ ገና መንገድ ላይ ሳለ።