የወረፋ ላይ ሊቃውንት ስለ አየር መንገድ የሚሳሳቱት

በረራ ሲዘገይ ወረፋው ላይ የቆመ ሁሉ የአቪዬሽን ባለሙያ ይሆናል። እኔም አንዱ ነኝ። እዚያ ደጋግሜ ከምሰማቸው ትንታኔዎች አንዳንዶቹ ግን ልክ አይደሉም። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ብዙ የበረረ ብዙ ማይል ያገኛል»

ድሮ ነው። ማይል ማለት ተሰብስቦ ነፃ ትኬት የሚያስገኝ ነጥብ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1981 አድቫንቴጅ የተባለውን የነጥብ ፕሮግራሙን ሲጀምር ነጥቡ የሚቆጠረው በተበረረ ርቀት ነበር። ዴልታና ዩናይትድ የተባሉት የአሜሪካ አየር መንገዶች በ2015 በርቀት መቁጠሩን ትተው በተከፈለ ገንዘብ መቁጠር ጀመሩ። አሜሪካንም በዓመቱ ተከተላቸው። በርካሽ ትኬት ሲመላለስ የከረመ ሰው፣ አንዴ ውድ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ሰው ያነሰ ነጥብ ቢይዝ አይግረማችሁ።

«ነጥቡ አየር መንገዱ ከኪሱ የሚሰጠው ስጦታ ነው»

እዚህች ላይ ትንሽ እንቆይ። አየር መንገዶች ነጥብ ለባንኮች ይሸጣሉ። ባንኩ ደግሞ የገዛውን ነጥብ በክሬዲት ካርድ ለሚገበያዩ ደንበኞቹ ያድላል። ማንም ሳይበር ገንዘቡ ገባ ማለት ነው። በ2020 ኮሮና አውሮፕላኖችን መሬት ላይ ሲያስቀር፣ ዴልታ ስካይማይልስ የተባለውን የነጥብ ፕሮግራሙን አስይዞ 9 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። ዩናይትድም የራሱን አስይዞ እንዲሁ አደረገ። ኪሳራ የሆነ ነገር ማን በመያዣነት ይቀበላል?

«የአባልነት ካርድ የያዘ ደንበኛ ታማኝ ነው»

የሦስት አየር መንገድ ካርድ በኪሱ የሚያዞር ሰው አታውቁም? ወደ አንድ ከተማ የሚበረው አንድ አየር መንገድ ብቻ ከሆነ፣ እዚያ የሚመላለሰው ሁሉ መዝገብ ላይ ታማኝ ይመስላል። ሌላ ተፎካካሪ መስመሩን የከፈተ ዕለት ጉዱ ይታያል። ለሥራ የሚጓዘው ደግሞ ሌላ ጨዋታ አለው፦ ትኬቱን መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል፣ ነጥቡን እሱ ይሰበስባል። በሰው ገንዘብ ታማኝ መሆን ቀላል ነው።

«ቅልጥፍና ማለት ወጪ መቁረጥ ነው»

ይህን የሚሉ ሰዎች የወይራዋን ታሪክ ይወዷታል። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1980ዎቹ ከሰላጣው ላይ አንዲት የወይራ ፍሬ ቀንሶ በዓመት 40 ሺህ ዶላር ገደማ አዳነ ይባላል። ጥሩ ጨዋታ ናት። ትልቁ ገንዘብ ያለው ግን ሰላጣው ላይ ሳይሆን ሰዓቱ ላይ ነው። መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ሳንቲም አያመጣም።

ሳውዝዌስት የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ይህን የተማረው ቸግሮት ነው። በ1972 ከነበሩት አራት አውሮፕላኖች አንዱን ሸጠ። በቀሩት ሦስቱ የአራቱን ሥራ ለመሥራት፣ አውሮፕላኑ ባረፈ በ10 ደቂቃ መልሶ ማስነሣት ጀመረ። ወጪ ከመቁረጥ ይልቅ ሥራውን እንደ አዲስ አደራጀ ማለት ነው።

ግን ይኸው ሳውዝዌስት በታኅሣሥ 2022 ጉድ ሆነ። የበረዶ ማዕበል መጣ፤ ሌሎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲያገግሙ እሱ ወደ 17 ሺህ የሚጠጉ በረራዎችን ሰረዘ። አብራሪና አስተናጋጅ የሚመድበው ያረጀ ሲስተም መከታተል አቅቶት፣ ሠራተኞች ያሉበትን ቦታ ለመናገር ስልክ ላይ ለሰዓታት ተንጠለጠሉ። በዓመቱ የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት 140 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። ሲስተሙን ለማደስ ይወጣ የነበረው ወጪ ለነገ፣ ለነገ ሲባል የቆየ ነበር።

«በሰዓቱ ደረሰ ከተባለ በሰዓቱ ደርሷል»

በተለመደው አቆጣጠር ከ15 ደቂቃ በታች መዘግየት «በሰዓቱ» ነው። በዚያ ላይ አየር መንገዶች የጉዞ ሰዓቱን ሲያወጡ ጭማሪ ያስገቡበታል። ግማሹ ብልጠት ነው፣ ግማሹ ግን ደግ ነገር፦ ጠዋት የዘገየው በረራ የማታውን እንዳያበላሽ ይረዳል።

«ከኋላ ወንበር ጀምሮ ማሳፈር ፈጣኑ ነው»

ሲያስቡት ልክ ይመስላል። ችግሩ፣ የተጠራው ሁሉ አንድ አካባቢ ይሰበሰብና ሻንጣ ለመስቀል ይጋፋል። ጄሰን ስቴፈን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በ2008 ባሳተመው ስሌት፣ ረድፍ እየዘለሉ በመስኮት በኩል ያሉትን ማስቀደም በጣም እንደሚፈጥን አሳየ። ታዲያ ለምን አይሠራበትም? አንደኛ፣ ቤተሰብ ይለያያል። ሁለተኛ፣ ቀድሞ መግባት ለታማኝ ደንበኛ ቃል የተገባ ጥቅም ነው። ስለዚህ ባለ ወርቅ ካርዱ ቀድሞ ይገባል፣ አምስተኛው ረድፍ ላይ ቆሞ ኮቱን ቀስ ብሎ ያጥፋል፣ እኛ ከኋላው መተላለፊያው ላይ ተኮልኩለን እናየዋለን።