ውሃን በፀሐይ የሚሰነጥቀው ዝገት፦ የሄማታይት ኤሌክትሮድ

ሄማታይት ብረትና ኦክስጅን ነው፤ ሁለት የብረት አቶም ለሦስት የኦክስጅን። በአጭሩ የዝገት የቅርብ ዘመድ። ቀይ አፈርን ቀይ የሚያደርገውም በአብዛኛው እሱ ነው። ርካሽ ነው፣ መርዝነት የለውም፣ የትም ይገኛል። ይህ ነገር መስታወት ላይ በስሱ ተለብጦ፣ ኮስቲክ ሶዳ የሟሟበት ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ትንሽ ቮልቴጅ ተሰጥቶት ብርሃን ሲያርፍበት ከውሃው ኤሌክትሮን እየነጠቀ ኦክስጅን ያወጣል። ኬሚስቶች ውሃን ኦክሲዳይዝ ማድረግ የሚሉት ይህንኑ ነው። በሽቦው ማዶ ባለው ፕላቲነም ላይ ደግሞ ሃይድሮጅን ይወጣል።

ሁሉም የሚያወራው ስለ ሃይድሮጅኑ ነው። ጣጣው ያለው ግን ኦክስጅኑ ጋ ነው።

ብርሃን ሄማታይት ውስጥ ሲገባ አንድ ኤሌክትሮን ከቦታው ያስነሳል። ኤሌክትሮኑ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፈው የመስታወቱ ገጽ በኩል ወደ ሽቦው ይሄዳል። ትቶት የሄደው ባዶ ቦታ፣ ማለትም በሙያው ቋንቋ ሆል የሚባለው፣ ወደ ውሃው ጠርዝ መድረስ አለበት፤ ከውሃ ኤሌክትሮን የሚነጥቀው እሱ ነውና። ለአንድ ሞለኪውል ኦክስጅን ደግሞ አራት ሆል ያስፈልጋል። አንዱ መጥቶ ሌላውን እስኪጠብቅ ብዙ ነገር ይበላሻል።

መነሻው ጃፓን ነው። ፉጂሺማ እና ሆንዳ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ በብርሃን ውሃን እንደሚሰነጥቅ በ1972 ኔቸር መጽሔት ላይ አሳተሙ፤ ዓለምም ጉድ አለ። ነገር ግን ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚቀበለው አልትራቫዮሌቱን ብቻ ነው፣ ይህም ከፀሐይ ጉልበት 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። በ1976 ሃርዲ እና ባርድ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የብረት ኦክሳይድን ሞከሩ። ሄማታይት የሞገድ ርዝመቱ እስከ 590 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ የሆነውን ብርሃን ይቀበላል፤ ቫዮሌቱን፣ ሰማያዊውን፣ አረንጓዴውን፣ ቢጫውንም። የሚቀበለው ብርሃን በሙሉ ሥራ ላይ ቢውል በካሬ ሴንቲሜትር 12.6 ሚሊአምፒር ያህል ከረንት ይሰጥ ነበር።

ይሰጥ ነበር እንጂ አይሰጥም። ሆሉ ሳይጠፋ የሚጓዘው በአንዳንድ ልኬት ከ2 እስከ 4 ናኖሜትር፣ በሌላ ልኬት ቢበዛ 20 ናኖሜትር ነው። የ550 ናኖሜትር ብርሃን በደንብ እንዲዋጥ ግን ከ100 ናኖሜትር በላይ ውፍረት ይፈልጋል። ስለዚህ ብርሃኑ የሚዋጠው ጥልቀት ላይ ነው፣ ሆሉ ደግሞ ጠርዝ ሳይደርስ ከኤሌክትሮን ጋር ተገናኝቶ ይሞታል። ያለፉት ዓመታት ሥራ ባብዛኛው ይህን ክፍተት ማጥበብ ነው። ስዊዘርላንድ ሎዛን ያለው የኬሚስቱ የግሬትዘል ቡድን በ2006 ሲሊኮን የተቀላቀለበትና የአበባ ጎመን የመሰለ ሄማታይት ሠርቶ 2.2 ሚሊአምፒር አገኘ። በ2013 የኮሪያ ተመራማሪዎች ፕላቲነም ጨምረውበት 4.32 አደረሱት። እስራኤል ሃይፋ የሚገኘው የቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በተቃራኒው ሄማታይቱን በጣም አሳስቶ ከኋላው መስታወት የመሰለ ብረት አደረገበት፤ ብርሃኑ እየተንጸባረቀ እንዲመላለስ። ለእኔ ከሁሉም ብልጡ ዘዴ ይሄ ነው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ሽፋን ያለው መስታወት ፌሪክ ክሎራይድ የሚባል የብረት ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ተደርጎ 100 ዲግሪ ገደማ ላይ ለሰዓታት ይቀመጣል። ሲወጣ ቢጫ ሽፋን ይዟል። 550 ዲግሪ ላይ ሲጋገር ይቀላል። ብዙዎች ከዚያ 800 ዲግሪ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይጨምሩታል፤ በመስታወቱ ሽፋን ውስጥ ያለው ቆርቆሮ፣ ማለትም ቲን የሚባለው ንጥረ ነገር፣ ወደ ሄማታይቱ እየገባ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ያሻሽላል። መስታወቱ ግን በዚያ ሙቀት ይለሰልሳል፣ ቆይታው ከረዘመም ይጎብጣል።

ከዚያ ልኬት። መብራቱን አብራ አጥፋ ሲያደርጉት ከረንቱ በበራ ቁጥር ወደ ላይ ተወንጭፎ ወዲያው ይወርዳል። ይህ ሹል ነገር ሆሎቹ ጠርዝ ላይ ተጠራቅመው ውሃውን ሳይነኩ እየሞቱ መሆናቸውን ያሳብቃል። ምን ያህሉ እዚያ እንደሚባክን ለማወቅ ውሃው ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጨመራል። እሱ ሆሉን ወዲያው ስለሚቀበል ከረንቱ ከፍ ይላል፣ ልዩነቱ የብክነቱ ልክ ነው። ይህን ብክነት ለመቀነስ ጠርዙ ላይ ካታሊስት፣ ማለትም ምላሹን የሚያፋጥን ነገር፣ ይቀባል፤ ታዋቂው ካናን እና ኖሴራ በ2008 ያወጡት ኮባልት ፎስፌት ነው። የሚገርመው፣ ካታሊስቱ በእርግጥ ውሃውን በፍጥነት ኦክሲዳይዝ ያደርጋል ወይስ የሆሉን ሞት ብቻ ነው የሚያዘገየው የሚለው ክርክር ለዓመታት ዘልቋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከላይ የጠቀስኳቸው ሚሊአምፒሮች የተለኩት ከውጭ ቮልቴጅ እየተሰጠ ነው፤ የተለመደው መለኪያ ነጥብ 1.23 ቮልት ነው። በሄማታይት ውስጥ የሚነሳው ኤሌክትሮን ሃይድሮጅን ለመሥራት የሚበቃ ጉልበት የለውም፣ ስለዚህ ብቻውን አይችልም። ሪከርድ ተሰበረ የሚል ጽሑፍ ስታነቡ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቮልቴጁ ከየት መጣ የሚለው ነው። አንዳንዶች ከኋላው ሶላር ሴል ደርበው በፀሐይ ብቻ እንዲሠራ አድርገዋል፤ ያ ሐቀኛ ቁጥር ነው፣ ሁልጊዜም አነስ ይላል።

ሌሎች ደግሞ ኦክስጅኑን ትተውታል። ኦክስጅን እንደሆነ ከአየር በርካሽ ይገኛል፤ ታዲያ ሆሉን ለምን በውሃ ላይ እናባክናለን ብለው ግሊሰሮል ወይም ግሉኮስ ያቀርቡለታል። እነዚህ ከውሃ ይልቅ ቀለል ብለው ኤሌክትሮን ይለቃሉ፣ የሚወጣው ኬሚካልም ዋጋ አለው። ችግሩ ሄማታይት አሲድ ውስጥ ይሟሟል፣ ደህና የሚከርመው ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ነው፤ ግሉኮስ ደግሞ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ብርሃን ሳያየው ገና በራሱ ጊዜ ይበላሻል።