የራውተር ኢሜጅ ምንድን ነው?

«ራውተሩ አልነሣ ካለ ኢሜጁ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ እንደገና አውርዱት።» በቨርቹዋል ራውተር (ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር በሚሠራ ራውተር) ለሚለማመዱ ተማሪዎች የተሰጠውን ይህን ምክር በዚህ ወር ብቻ ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት። መካሪው ቅን ሰው ነው፤ ሆኖም ኢሜጅንና ራውተርን አንድ አድርጎ ተማሪውን በከንቱ ያደክመዋል። («ምስል» ብለው የሚተረጉሙትም ያሳስታሉ፤ እዚህ የሚታይ ሥዕል የለም።)

ኢሜጅ የራውተሩ ሥርዓተ ክወና የተጫነበት ዲስክ በፋይል መልክ ሲቀመጥ ነው። ራውተር የምንለው ከዚያ ፋይል ተነሥቶ፣ ፕሮሰሰርና ማህደረ ትውስታ ተመድቦለት የሚሠራውን ነው። ላብ ውስጥ (ኮምፒውተር ላይ በሚሠራ የኔትወርክ መለማመጃ) ዐሥር ራውተር ብታስነሡ ዐሥሩም የሚነሡት ከዚያው ከአንዱ ፋይል ነው።

አንድ የታተመ ገጽ አስቡ። ዐሥር ተማሪዎች በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት እያነጠፉ የየራሳቸውን ማስታወሻ ይጽፋሉ። እያንዳንዱ የሚያነበው የታችኛውን ገጽና የራሱን ጽሑፍ ብቻ ነው፤ የጓደኛውን አያይም። ላብ የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች ጂኤንኤስ3ም ሆነ ኢቭ-ኤንጂ ቨርቹዋል ራውተሮችን በተለመደው አሠራር የሚያስነሡት እንዲህ ነው፤ ይህን የሚያስችለውም ኪውካው2 የተባለው የዲስክ ፋይል ዓይነት ነው። ስስ ወረቀቱ፣ ማለትም የየራውተሩ ለውጥ የሚጻፍበት ፋይል፣ ሲፈጠር 200 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ነው። የምታስቀምጡት ውቅር (የራውተሩ ቅንብር) ሁሉ እዚያ ላይ ያርፋል፤ ከታችኛው ገጽ አንዲት ፊደል አትለወጥም።

እንግዲህ ትናንት ይሠራ የነበረ ራውተር ዛሬ አልነሣ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስስ ወረቀቱ ነው። ኢቭ-ኤንጂ ላይ «ዋይፕ» የሚለው ትእዛዝ እሱን ይጥልላችኋል። ውቅሩም አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ወደ ውጭ አውጡት።

«ታዲያ ኢሜጁን ራሱን አስነሥቼ ባሻሽለው ምን አለበት?» የሚል ተከራካሪ ገጥሞኛል። ብዙ አለበት! የወረቀቶቹ ማስታወሻ የተጻፈው የአሮጌውን ገጽ መስመሮች ተከትሎ ነው። ገጹን ከሥር ስትለውጡት «ይህ ቃል ይሰረዝ» የሚለው ምልክት ሌላ ቃል ላይ ያርፋል። ዐሥሩም ዲስኮች በአንድ ጊዜ ይበላሻሉ፤ ብልሽቱ ደግሞ ወዲያው ላይታይ ይችላል። አዲስ ስሪት ከፈለጋችሁ በሌላ ፎልደር፣ በሌላ ስም አስቀምጡ። በኢቭ-ኤንጂ የፎልደሩ ስም ፕሮግራሙ በሚያውቀው ቃልና በሰረዝ መጀመር አለበት፤ ያቺ ሰረዝ ከጎደለች ራውተሩን ከዝርዝሩ ውስጥ አታገኙትም። አንድ ጊዜ የተነሣ ራውተርን ዲስክ ገልብጦ ኢሜጅ ማድረግም አደጋ አለው፤ የምስጢር ቁልፎቹ ሳይቀሩ በሁሉም ላይ አንድ ይሆናሉ።

የስስ ወረቀቱ ምሳሌ የሚሠራው ለዲስክ ነው። ማህደረ ትውስታ ለእያንዳንዱ ራውተር ለብቻው ይመደባል፤ 512 ሜጋባይት የሚጠይቅ ራውተር ዐሥር ጊዜ ሲነሣ 5 ጊጋባይት ያህል ያስፈልገዋል።

ፍጥነትንም በላብ አትለኩ። ሲኤችአር የተባለው የማይክሮቲክ ኩባንያ ቨርቹዋል ራውተር በነፃ ፈቃዱ በእያንዳንዱ ወደብ የሚልከው በሰከንድ 1 ሜጋቢት ብቻ ነው። እዚያ ያገኛችሁት ቁጥር የፈቃዱ ገደብ ነው፤ ስለ ራውተሩ አቅም የሚነግራችሁ ነገር የለም።