ድሮፕ ምንድን ነው? ላይት ኢኮ ፍሬንድሊ ጫማ አድርጋችሁ ዳገት ከመጀመራችሁ በፊት

የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱን ካሰፋው ወዲህ መሃል አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ሶምሶማ የሚል ሰው በዝቷል፣ ጫማውም አብሮ ተቀይሯል። ዘመድ ከውጭ የላከው ይሁን እዚሁ የተገዛ፣ እጅ ላይ ሲይዙት ክብደቱ የማይታወቅ፣ ሳጥኑ ላይ ቅጠል የተሳለበት፣ "ሪሳይክልድ" ምናምን የሚል ጫማ። ከዛ ሰውየው በሁለተኛው ሳምንት "ባቴን ቀስፎ ያዘኝ" ወይ "ጠዋት ስነሳ ተረከዜ ጋ ያለው ጅማት አላራምድ አለኝ" ይላል። አንዱ ዳገቱን ይረግማል፣ አንዱ ሳይዙ ጠቦኝ ነው ይላል፣ ሌላው ውሃ ስላልጠጣሁ ነው ይላል፣ የጫማውን ድሮፕ ያየ ሰው ግን የለም። እኔ ደግሞ ድሮፕ ከክብደቱም ከቅጠሉም በፊት መታየት አለበት ባይ ነኝ፣ ቢያንስ እንደኛ ሜዳ ፍለጋ በታክሲ በሚኬድበት ከተማ።

ድሮፕ ማለት ተረከዝ ስር ያለው የሶል ውፍረት እና ከጣቶቹ ኋላ ባለው በሰፊው የፊት እግር ስር ያለው ውፍረት ልዩነት ነው፣ የሚለካውም በሚሊሜትር ነው። ተረከዝ ስር 32፣ ፊት ስር 22 ከሆነ ድሮፑ 10 ነው፣ በቃ። ስኒከር ውስጥ የተደበቀ ታኮ አለ በሉት፣ ድሮፕ የዛ ታኮ ቁመት ነው። የተለመዱት የልምምድ ጫማዎች ከ8 እስከ 12 አካባቢ ይሆናሉ፣ 4 እና ከዛ በታች ዝቅተኛ ነው የሚባለው፣ ተረከዙና ፊቱ እኩል የሆነ ዜሮ ድሮፕም አለ። ከሶል ውፍረት ጋር ግን እንዳታምታቱት፣ ሶሉ ወፍራም ሆኖ ድሮፑ ዜሮ የሆነ ጫማ አለ፣ ስስ ሆኖ 8 የሆነም አለ። ዓይንም አይታመንም፣ ከውጭ የሚታየው ፎም ብዙ ጊዜ ጠርዙ ከፍ ብሎ ነው የሚሰራው፣ እግራችሁ ውስጥ ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው።

አሁን ዳገቱን አምጡት። የአትሌቲክስ ውድድርን የሚመራው ዓለም አቀፍ ማህበር፣ ዎርልድ አትሌቲክስ፣ የውድድር ጫማ ሲለካ የተረከዙን ውፍረት ከኋላ ተነስቶ የጫማው ውስጣዊ ርዝመት 12 በመቶ ላይ፣ የፊቱን 75 በመቶ ላይ ነው የሚወስደው። ውስጡ 27 ሴንቲ የሆነ ጫማ ላይ በሁለቱ ነጥቦች መሃል ያለው ርቀት 17 ሴንቲ ገደማ ይመጣል። ስለዚህ 10 ሚሊ ድሮፕ በ17 ሴንቲ ላይ ሲሰላ ወደ 6 በመቶ ቁልቁለት ነው ማለት ነው። ገባችሁ? 6 በመቶ ዳገት ማለት 100 ሜትር ስትሄዱ 6 ሜትር ከፍ የምትሉበት ነው፣ እንዲህ ያለ ዳገት ላይ 10 ድሮፕ ያለው ጫማ አድርጋችሁ እግራችሁን ሙሉ ብታሳርፉት ተረከዛችሁና የፊት እግራችሁ እኩል ከፍታ ላይ ናቸው፣ ልክ ሜዳ ላይ በባዶ እግር እንደቆማችሁ። ጫማው ዳገቱን በልቶላችኋል። ዜሮ ድሮፕ ስታደርጉ ግን ዳገቱ ሙሉ በሙሉ የናንተ ነው፣ ተረከዝ ወደታች ይሰምጣል፣ ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል፣ ባትና የተረከዝ ጅማት ተለጥጠው ከዛው ላይ ሰውነታችሁን ወደላይ መግፋት አለባቸው። ይሄ ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ ነው።

"ዳገት ላይ እኮ በጣት ነው የሚሮጠው ተረከዝ መሬት አይነካም" የሚል ይመጣል፣ ልክ ነው ግን ግማሽ ልክ። አጭር ዳገት በፍጥነት ስትወጡ ተረከዙ ላይነካ ይችላል፣ ያኔ ድሮፑ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ከመስቀል አደባባይ በአፍሪካ አዳራሽ አድርጎ በሂልተን በኩል በቤተመንግስቱ ስር ወደ 4 ኪሎ የሚያወጣውን የሚኒልክ ጎዳና ሙሉውን በጣቱ የሚጨርስ ሰው ግን ፕሮፌሽናል ነው፣ ሌላው ሲደክመው ተረከዙን ያሳርፋል። (በነገራችን ላይ ቤተመንግስቱ አጥር ስር ቆሞ የልብ ምት መቁጠር አይመከርም፣ እየተራመዳችሁ ቁጠሩ።) የቸርችል ጎዳናም እንደዛው ነው፣ ከለገሃር ተነስቶ በጥቁር አንበሳ እስከ ማዘጋጃ ሲወጣ መጀመሪያው ያታልላል፣ መጨረሻው ላይ ነው ሂሳቡን የሚያወራርደው። አየሩም አያግዝም፣ ቦሌ ኤርፖርት ራሱ 2,330 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ እንጦጦ ከ3,000 በላይ ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ትደክማላችሁ፣ ስትደክሙ ተረከዝ ይወርዳል፣ ተረከዝ ሲወርድ ድሮፑ ሂሳብ ውስጥ ይገባል።

ይሄ ማለት ዝቅተኛ ድሮፕ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ጭነቱ አይጠፋም፣ ቦታ ነው የሚቀይረው። ድሮፑ ከፍ ሲል ብዙውን ጉልበትና ጭን ይሸከማል፣ ዝቅ ሲል ባትና የተረከዝ ጅማት ይሸከማል፣ ስለዚህ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ዝቅተኛ ድሮፕ አድርጎ እፎይ ሊል ይችላል፣ ጅማቱን የሚያመው ደግሞ በዛው ጫማ ሊብስበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) የታተመ አንድ ጥናት 553 ተራ ሯጮችን 10፣ 6 እና 0 ድሮፕ ያላቸው ጫማዎች አድሎ ለ6 ወር ሲከታተል በአጠቃላይ የጉዳት ልዩነት አላገኘም፣ ለየብቻ ሲታዩ ግን አልፎ አልፎ የሚሮጡት ላይ ዝቅተኛው የተሻለ ሆኖ አዘውትረው የሚሮጡት ላይ ደግሞ ዝቅተኛው ጉዳት ጨመረ። እግሩ አንዱን ዓይነት ለምዶ የሰነበተ ሰው ድንገት ሲቀየርበት ይከፍላል ብዬ ነው እኔ የተረዳሁት።

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በ1960 በባዶ እግሩ 2:15:16 ሮጦ አሸንፏል፣ ከዛ በላይ ዜሮ ድሮፕ የለም የሚል ክርክር ሁሌ ይነሳል። እሺ፣ ግን እግሩ ከልጅነቱ የለመደው ነው፣ ከሰኞ እስከ አርብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሚውል እግር ጋር አይወዳደርም። ቶኪዮ ላይ በ1964 ደግሞ ጫማ አድርጎ 2:12:11 ገባ፣ ይሄንኛውን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

ታዲያ ላይት ጫማ ከድሮፕ ጋር ምን አገናኘው? ፎም በብዛት ያለው ተረከዝ ጋ ነው፣ ስለዚህ ክብደት መቀነስ የፈለገ አምራች ከዛው ሊልጥ ይችላል፣ ሲልጥ ድሮፑም አብሮ ይወርዳል። እናንተ ግራም ቀነሰልኝ ብላችሁ የገዛችሁት ጫማ ታኮውንም ቀንሶባችሁ ሊሆን ይችላል። ክብደቱ ራሱ የሚያመጣው ጥቅም ደግሞ እንደሚወራው አይደለም፣ በአንድ እግር 100 ግራም ሲቀንስ የምትጠቀሙት ኦክስጅን 1 በመቶ ገደማ ነው የሚቀንሰው። ይሄ ትግስት አሰፋን ለመሰለች አትሌት ትልቅ ነገር ነው፣ በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ሮጣ የዓለም ሪከርድ ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ነበር (ድሮፑ 6 ነው፣ ዜሮ አይደለም፣ ልብ በሉ)። ለስራ ሰዓት ለመድረስ ጠዋት 5 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ግን 1 በመቶ የሚታወቅ አይመስለኝም። ያ ጫማ ደግሞ ለአንድ ማራቶን ተብሎ የተሰራ፣ ሲወጣ 500 ዶላር ይሸጥ የነበረ ጫማ ነው፣ ኢኮ ፍሬንድሊ የሚለው ነገር እዚህ ጋ ነው የሚደናቀፈው።

ምክንያቱም ጫማ አካባቢን አብዝቶ የሚጎዳው ገና ሲመረት ነው። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 አንድ የተለመደ የሩጫ ጫማ ፈታተው ሲያሰሉ 65 ክፍል፣ ከ360 በላይ የስራ ሂደት፣ በጥንድ ወደ 14 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አገኙ፣ ከዛ ውስጥ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ማምረቱ ላይ የሚወጣ ነው። አዲዳስና ኦልበርድስ የሚባለው ጫማ አምራች አብረው በ2021 ያወጡት ጫማ 2.94 ኪሎ ድረስ አውርዶታል፣ ስለዚህ ይቻላል። ማቴሪያሉም ደስ ይላል፣ ከብራዚል ሸንኮራ አገዳ የሚሰራ ፎም አለ፣ ከጉሎ ዘይት የሚሰራ ናይሎንም አለ፣ አዎ ያ እናቶቻችን ምጣድ የሚያሰሱበት ጉሎ። ግን ከሸንኮራ የተሰራ ፎም ይበሰብሳል ማለት አይደለም፣ በኬሚካል ከነዳጁ ፎም ጋር አንድ ነው፣ ሲጣልም እኩል ይከርማል። ለኔ ግሪን ጫማ ማለት ቶሎ የማይጣል ጫማ ነው፣ በዚህ ሂሳብ በረባሶን የሚያክል የለም፣ ከመኪና ጎማ ተቆርጦ ድሮፑም ዜሮ! ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እዚሁ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ የመሰረተችው ሶልሬብልስ የሚባለው የጫማ ኩባንያ ያንኑ ሀሳብ ይዞ ነው ዓለም ጋ የደረሰው። ዳገት ይሮጥበት እያልኩ አይደለም ግን።

እና ኢኮውን ጫማ ገዝቶ በጅማት ህመም ምክንያት ቁም ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው አካባቢንም አልጠቀመ ራሱንም አልጠቀመ። ድሮፑን ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

እንዴት ይታወቃል ካላችሁ፣ ሳጥኑ ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፣ የሞዴሉን ስም ከምላሱ ውስጥ አንብባችሁ ኦንላይን መፈለግ ነው። የሱቁን ልጅ አትጠይቁት፣ "ሁሉም ኦርጅናል ነው" ነው የሚላችሁ። ሁለት ነገር ግን አስቡ። ኮፒ ከሆነ ኦንላይን ያገኛችሁት ቁጥር የኦርጅናሉ ነው፣ ኮፒው ከላይ ይመስላል እንጂ ውስጡን ፎም ማን ለክቶት። ሰልባጅ ከሆነ ደግሞ ተረከዙ ተረግጦ ሟሽሾ ሊሆን ይችላል፣ 10 የነበረው ድሮፕ ቀንሶ ነው የሚደርሳችሁ። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ከኋላ እዩት፣ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ተዉት፣ ርካሽም ቢሆን።

አንድ ጫማ ብቻ የምትገዙ ከሆነና መንገዳችሁ ይሄው የመሃል ከተማ ዳገት ቁልቁለት ከሆነ ከ6 እስከ 8 ያለውን ያዙ እላለሁ፣ የኔ አስተያየት ነው። ዝቅተኛውን ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሜዳ ላይ ከሳምንቱ ሩጫችሁ ትንሿን ብቻ ስጡት፣ የቀረውን በድሮው ጫማ። ዳገት ስታስገቡ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ በሚያልቅ አጭር ዳገት ጀምሩ፣ በእርምጃ ተመልሳችሁ ሙሉ በሙሉ ካረፋችሁ በኋላ ድገሙት፣ ረጅሙን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን በዚህ ጫማ ለማየት አትቸኩሉ። የመስቀል አደባባይ ደረጃ ዳገት አይደለም፣ እርከኖቹን በርዝመታቸው ስትሮጡ ሜዳ ነው፣ ወደላይ ስትዘሉ ደግሞ ተረከዛችሁ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ጅማቱን ከዳገት በላይ ሊጎትተው ይችላል።

ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፣ ድሮፑ ቁልቁለቱ ላይ ይደመራል። 10 ድሮፕ አድርጋችሁ ከማዘጋጃ ወደ ለገሃር ስትወርዱ እግራችሁ ወደፊት እየተንሸራተተ ጣት ጫማው አፍንጫ ላይ ይጋጫል፣ ጥፍር የሚጠቁረው በዚህ ነው፣ ማሰሪያውን ከቁርጭምጭሚት ጋ ጠበቅ ማድረግ ያግዛል። ዝቅተኛው እዚህ ጋ ይመቻል፣ ጭናችሁ ግን በየትኛውም ጫማ በማግስቱ ይናገራል፣ ጡንቻው እየተለጠጠ ፍሬን ስለሚይዝ ነው። ክረምት ላይ እርጥብ ኮብልስቶን ከሆነ ድሮፑን እርሱት፣ የሶሉን ጎማ እዩ፣ ወይም በእርምጃ ውረዱ።

ባት መዛሉ የሚጠበቅ ነው፣ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያዋ እርምጃ ላይ የተረከዝ ጅማቱ ከደረቀባችሁና ሲነኩት ካመማችሁ ግን ዳገቱን ትታችሁ ታኮ ያለውን የድሮ ጫማ አውጡ፣ ጃን ሜዳ ሜዳው ላይ ቀስ እያላችሁ ሰንብቱ፣ ካበጠ ደግሞ ሐኪም ጋ ነው።