የአካባቢ ልማት ፕላን ምንድን ነው?

አጎቴ ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሊጨምር አስቦ ፈቃድ ለመጠየቅ ሄደ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። ባለሙያው ከፕላኑ ላይ ያሳየው መስመር በአጥሩ በር ገብቶ፣ የቡና ዛፎቹን አልፎ፣ ማድ ቤቱን ለሁለት ከፍሎ ይወጣል። «ይህ 12 ሜትር መንገድ ነው» አሉት። መሬቱ ላይ መንገድ የለም፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ወረቀቱ ላይ ግን መንገዱ ከወጣ ዓመታት አልፎታል።

ያንን መስመር የያዘው ሰነድ የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። ቢሮ ውስጥ በእንግሊዝኛ ስሙ አሳጥረው «ኤልዲፒ» ይሉታል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ለከተሞች ሁለት ዓይነት ፕላን ያውቃል። መዋቅራዊ ፕላን ከተማዋን በሙሉ ይመለከታል፤ ወዴት እንደምታድግ፣ ዋና ዋና መንገዶቿ በየት እንደሚያልፉ፣ የትኛው አቅጣጫ ለመኖሪያ የትኛው ለኢንዱስትሪ እንደሚውል ይወስናል፤ የሚያገለግለውም ለ10 ዓመት ነው። የአካባቢ ልማት ፕላን ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሰፈር ይወርዳል። የውስጥ ለውስጥ መንገዱን ስፋት፣ የሕንፃውን ከፍታና ዓይነት፣ ፈርሶ የሚታደሰውንና ባለበት የሚሻሻለውን ቦታ በዝርዝር ያስቀምጣል። መዋቅራዊ ፕላኑ ለብዙ ሰው የሩቅ ነገር ነው፤ ይህኛው ግን ማድ ቤት ድረስ ይገባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ካርታ አለኝ እኮ» ሲል ነው። ካርታው ይዞታው የማን እንደሆነ ያረጋግጣል፤ ምን ሊሠራበት እንደሚቻል የሚወስነው ፕላኑ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እኛ እጅ ያለው ይዞታ ነውና የፕላኑ ቃል ይከብዳል። በሕንፃ ሕጉ የተቀመጠው የፕላን ስምምነትም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ሊሠራ የታሰበው ግንባታ ከከተማው ፕላን ጋር ይስማማል ወይ?

ፕላን ከመጽደቁ በፊት ነዋሪው ሊወያይበት ይገባል። እኔን የሚያንገበግበኝም እዚህ ላይ ያለው ነው። ስብሰባው በሥራ ቀን ይጠራል፤ የፕላኑ ትልቅ ባለቀለም ካርታ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ጥቂት ሰዎች ስለ ውኃና ስለ መብራት አቤት ይላሉ፤ ከዚያ ሁሉም ይበተናል። ካርታውን ተጠግቶ «የእኔ ግቢ የቱ ጋ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። መስመሩን በእርሳስ ማንቀሳቀስ የሚቻለው ግን በዚያ ቀን ነው፤ ከጸደቀ በኋላ ማሻሻያ መጠየቅ ረጅም መንገድ ነው።

አጎቴ ስብሰባው በተጠራ ቀን ለቅሶ ላይ ነበር። አሁን ቤት ሊገዛ የሚያማክረው ሰው ሲመጣ፣ ዋጋውን ከመስማቱ በፊት «በፕላኑ ምን ተብሏል? ሄደህ በዓይንህ አይተሃል?» ይለዋል።