ካርታው በሱ ስም ስለሆነ ቤቱ የሱ ብቻ ነው ማለት አይደለም

ፍቺ ሲመጣ ስንት እህቶች "ካርታውም ሊብሬውም በሱ ስም ነው፣ ምን አገኛለሁ" ብለው ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ፣ በጣም ያናድደኛል። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ህግ (አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሰራው፣ ብዙ ክልሎች የራሳቸው አላቸው) አንቀፅ 63 ላይ ንብረቱ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ይላል፣ ስለዚህ ማስረጃ ማምጣት ያለበት "የግሌ ነው" ባዩ ነው። የግል የሚባለው ከጋብቻ በፊት የነበረ ወይ በኋላ በውርስ ወይ በስጦታ ለአንዱ ብቻ የመጣ ነው። ደሞዝስ? ከተጋቡ በኋላ የሚገባው የጋራ ነው፣ እሷ ቤት ውላ ልጅ ብታሳድግም። የጋራውን ቤት ደግሞ እሷ ሳትስማማ መሸጥ አይችልም፣ ከሸጠም ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ፣ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላለች።