ደጅ ወጥቶ መልክዓ ምድር መሣል ምንድን ነው?

ሠዓሊው ከፎቶግራፍ ሳይቀዳ፣ ተራራው ወይም ወንዙ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሥዕሉን እዚያው የሚሠራበት ልማድ ነው። ፈረንጆች ፕሌን ኤር ይሉታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዲስፋፋ ካደረጉት ነገሮች አንዱ በ1841 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ራንድ የፈጠረው የቆርቆሮ የቀለም ቱቦ ነው። ከዚያ በፊት የዘይት ቀለም በአሳማ ፊኛ ተቋጥሮ ይያዝ ስለነበር ለመንገድ አይመችም።

መንፈስን የሚያድሰው ረጅሙ ማየት ነው። ዳዊት ደጋሚ ቃሉን እየደጋገመ ሐሳቡን እንደሚሰበስብ፣ ሠዓሊም ዓይኑን ከጥላው ወደ ወረቀቱ እያመላለሰ የተበተነ ልቡን ይሰበስባል። ስለዚህ ጮቄ ወይም ደጀን አፋፍ ላይ እንደደረሱ ብሩሽ ለማንሳት አይቸኩሉ። 15 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ጸሎት ያለውም ያን ጊዜ ያድርስ።

በጎጃም ፀሐይ ቶሎ አናት ላይ ትወጣለች። ረፋዱ ላይ ጥላው ሲያጥር ገደሉ ሁሉ ጠፍጣፋ ይመስላል። የተሻለው ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ነው። ለጀማሪ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር ወረቀት፣ አንድ ሰፊና አንድ ቀጭን ብሩሽ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቡኒ ቀለም ይበቃዋል።

መጀመሪያ በእርሳስ ብርሃኑን፣ መካከለኛውንና ጨለማውን ብቻ ይለዩ፤ ከዚያ ከሩቁ ይጀምሩ። የዓባይ ሸለቆ ማዶው ሸንተረር፣ በመካከል ባለው አየር ምክንያት፣ ፈዝዞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ዛፍ እንዳለበት ስለምናውቅ ብቻ አረንጓዴ ከቀባነው ሸለቆው ጥልቀቱን ያጣል። አደይ አበባም እንዲሁ ነው። ፀሐይ ያገኘው ብቻ ንጹሕ ቢጫ ይሁን፤ ጥላ ውስጥ ያለው ትንሽ ሰማያዊና ቡኒ ይፈልጋል። መስኩ በሙሉ ቢጫ ከሆነ ብርሃኑ ይጠፋል።

ብዙ ሥዕል የሚበላሸው ፀሐይ ስትዞር የሚንቀሳቀሰውን ጥላ በማሳደድ ነው። መጀመሪያ ያሰፈሩትን ጥላ አይቀይሩ፤ አለዚያ ሥዕሉ ሁለት ፀሐይ የወጣበት ይመስላል። ወረቀቱን ፀሐይ ከመታው ደግሞ ቀለሙ ከልክ በላይ ደምቆ ስለሚታይ እጅ ወደ ጨለማው ያደላል፤ ቤት ሲገባ ሥዕሉ ጠቁሮ ይገኛል። ወረቀቱን በራስዎ ጥላ ይከልሉት። የደጋ ነፋስ አክሪሊክን (በውሃ የሚበጠበጥ፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም) ይበልጥ ቶሎ ያደርቃል፤ በባቄላ ፍሬ ልክ ብቻ ያውጡ፣ ቀሪውን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ። ጢስ ዓባይ ሲሣል ወደ ፏፏቴው መጠጋት ጥሩ አይደለም፤ ርጭቱ የውሃ ቀለምን ያዥጎረጉራል። በበጋ ውኃው ስለሚቀንስ መስከረምና ጥቅምት ይመረጣሉ።

ማሳ ዳር ከመቀመጥዎ በፊት ባለቤቱን እንደምን አደሩ ብለው ያስፈቅዱ፤ ደብር ወይም ገዳም አካባቢ ከሆነም አባቶችን ይጠይቁ። መሣል ከጀመሩ ሁለት ሰዓት ሲሞላዎት፣ ባያልቅም፣ ያቁሙ። የቀረውን በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመልሰው ይቀጥሉ። ቤት ገብቶ መነካካት አብዛኛውን ጊዜ ያበላሸዋል፤ ዓይን የሚያየው ኮረብታውን ሳይሆን የተቀባውን ብቻ ነውና።